ዐፄ ዐምደ ጽዮንና ዐባይን የተሻገረው የዳሞት ስም

በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም አካባቢ ተወልዶ ያደገ ሰው ዐፄ ዐምደ ጽዮን ዳሞትን ማስገበራቸውን ሲያነብ ጦርነቱ በደጁ የተካሄደ ይመስለዋል። ቢመስለውም አይፈረድበትም፤ ደጋ ዳሞት ዛሬም የወረዳ ስም ነው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ቆላ ደጋ ዳሞት የሚባል አውራጃ ነበር። ነገር ግን ንጉሡ የዘመቱበት ዳሞት ከዐባይ ወዲያ ማዶ፣ በስተደቡብ የነበረው አገር ነው። የእኒህን ንጉሥ ታሪክ የሚተርክ ሁሉ ይህን አስቀድሞ መለየት ይገባዋል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዐምደ ጽዮን የይኩኖ አምላክ የልጅ ልጅ ሲሆኑ፣ በ1314 ሲነግሡ ስመ መንግሥታቸው ገብረ መስቀል ተባለ። አያታቸው በ1270 የመሠረቱት ሥርወ መንግሥት ገና ግማሽ ምዕት ዓመት አልሞላውም፤ የይግብአ ጽዮን ልጆችም ዙፋኑን እየተፈራረቁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወጥተው ወርደውበታል። ወጣቱ ንጉሥ ብዙ አልቆዩም፤ በ1316/17 ዘመቻ ጀመሩ።

ስለዚህ ዘመቻ በስማቸው የተጻፈ ማስታወሻ በሐይቅ እስጢፋኖስ የወንጌል መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። መጀመሪያ ዳሞት ከነንጉሡና ከነመኳንንቱ በእጃቸው መውደቁን፣ ከሕዝቡም ብዙውን ወደ ሌላ አገር ማጋዛቸውን ይናገራል። ከዚያ ሐድያን ያነሣል፤ ቀጥሎም የጎጃምን ንጉሥ ከነሠራዊቱ። ዳሞትና ጎጃም ሁለት ንጉሥ ያላቸው ሁለት አገሮች ሆነው መቆጠራቸውን ልብ ይሏል።

ዳሞት ተራ ጠላት አልነበረም። በገድለ ተክለ ሃይማኖት የምናገኘው ሞተለሚ፣ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን እንደማረከ የሚነገርለት፣ የዚሁ አገር ንጉሥ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ዳሞትን የወርቅ አገር ብሎ መዝግቦታል።

ከዚህ በኋላ የንጉሡ ዝና ባሕር ተሻገረ። በግብፅ ክርስቲያኖች ላይ የደረሰውን መከራ ሰምተው በ1325/26 መልእክተኞች ወደ ካይሮ መላካቸውንና የዐባይን ውሃ እመልሳለሁ ብለው ማስፈራራታቸውን የግብፅ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ሱልጣኑ አልናስር ሙሐመድ ግን ዛቻውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም ይባላል። በ1332 ከኢፋቱ ሰብረዲን ጋር የተደረገው ጦርነት በግዕዝ ዜና መዋዕል ተጽፏል። ለንጉሡ የተገጠሙት የወታደር ዘፈኖችም ከአማርኛ ጽሑፍ ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። በጋብቻቸው ምክንያት ከገሠጿቸው መነኮሳት ጋር ተጣልተው መነኮሳቱን መግረፋቸውና ማጋዛቸውም አይካድም፤ የሚያወድሷቸው ጸሐፊዎች ይህን ሲዘልሉት አይቻለሁ።

ዐምደ ጽዮን በ1344 ዐረፉ። ዳሞት ከዐባይ ማዶ እንደ ግዛት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ16ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ ግን የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ምዕራብ ሲስፋፋ ከዳሞት ሰዎች ብዙዎቹ ዐባይን ወደ ሰሜን ተሻግረው በጎጃም ሰፈሩ፤ የአገራቸውንም ስም ይዘው መጡ። ከእነርሱ ጋር የጋፋት ሰዎችም ነበሩ። ልሳናቸው ቀስ በቀስ በአማርኛ ተዋጠ፤ የቋንቋው ሊቅ ወልፍ ሌስላው በ1947 ፈልጎ ያገኘው አራት ተናጋሪዎችን ብቻ ነበር።

ዛሬ ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ነቀምት የሚወርደው መንገድ ዐባይን አቋርጦ ወለጋ ይገባል። ከቡሬ የሚነሣ መንገደኛ እነዚያ ሰዎች ስማቸውን ይዘው ከመጡበት ማዶ የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው።