በመካኒክነት በር የገባው አብራሪ
የሻምበል ዦርዥ ጊንሜር ሕይወትና መጥፋት

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከፈረንሳይ ተዋጊ አብራሪዎች መካከል በሕዝብ ዘንድ እንደ ዦርዥ ጊንሜር ስሙ የገነነ አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህ ሰው ግን ጦርነቱ ሲጀመር ለውትድርና አትበቃም ተብሎ ሁለት ጊዜ ከደጅ የተመለሰ ወጣት ነበር።

የተወለደው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1894 በፓሪስ ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የቀድሞ የጦር መኮንን ሲሆኑ ቤተሰቡ ይኖር የነበረው በኮምፒየኝ ከተማ ነው። ዦርዥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰውነቱ የቀጨጨና በሽታ የማይለየው ስለነበር እናቱና ሁለት እኅቶቹ እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው አሳደጉት። ትምህርቱንም ጤናው እየታወከ ደጋግሞ አቋርጦታል። በኦገስት 1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከባሕር ዳር ነበር። ወዲያው ለመዝመት ቢሞክርም ሐኪሞቹ ቁመናውን አይተው መለሱት። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና መለሱት።

በዚያው ወራት አንድ አውሮፕላን በባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ላይ አረፈ። ወጣቱ ወደ አብራሪው ቀርቦ ወደ አየር ጦር የሚገባበትን መንገድ ቢጠይቀው፣ ፖ በምትባለው ከተማ ወደሚገኘው የበረራ ትምህርት ቤት እንዲሄድ መከረው። የትምህርት ቤቱ አዛዥ በአብራሪነት ሊቀበሉት ባይችሉም በተማሪ መካኒክነት አስገቡት። ቀኑ ኖቬምበር 21 ቀን 1914 ነበር።

ስለ እርሱ በተጻፉ ታሪኮች ይህ ወቅት ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። መታለፍ ግን አልነበረበትም። ያ ከደህና ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ክረምቱን ሞተር ሲያጥብ፣ ነዳጅ ሲቀዳና እጁን በዘይት ሲያጠቁር ከረመ። በ1915 መጀመሪያ ወደ አብራሪነት ሥልጠና ከተሸጋገረ በኋላም የመካኒክነት ጠባዩ አልተለየውም። ከበረራ በፊት ጥይቱን አንድ በአንድ የሚመረምር፣ የመትረየሱን አሠራር ፈትቶ የሚያይ፣ መካኒኮቹ ከሠሩት በኋላም በራሱ እጅ ዳስሶ የሚያረጋግጥ ሰው ሆነ።

በጁን 1915 በሻምበል ብሮካር ይመራ ወደነበረውና በኋላ በሽመላ ምልክቱ ወደታወቀው 3ኛ የበረራ ጓድ ተመደበ። በጁላይ 19 ቀን 1915 ጌርዴ ከተባለ መካኒክ ጋር በሁለት መቀመጫ ሞራን አውሮፕላን ወጥተው አንድ የጀርመን አውሮፕላን ጣሉ። አብራሪው ጊንሜር ሲሆን ከኋላ መትረየሱን የያዘው መካኒኩ ነበር፤ እጁንም የቆሰለው እርሱ ነው። ለሁለቱም ወታደራዊ ሜዳይ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ጊንሜር በአንድ መቀመጫ አውሮፕላን ብቻውን ይዋጋ ጀመር። ሃያ አንድ ዓመት በሞላበት ዕለት የክብር ሌጌዎን ኒሻን ተሸለመ። በማርች 1916 በቬርደን ግንባር ክንዱና ፊቱ ቆስሎ ሆስፒታል ገባ፤ ከዳነም በኋላ ወደ ጓዱ ተመለሰ።

በ1916 መጸው ስፓድ 7 የተባለውን አዲስ አውሮፕላን ተረከበ። የአውሮፕላኑን ጥንካሬ ቢወድም ባለ 150 የፈረስ ጉልበት ሞተሩ ከአዳዲሶቹ የጀርመን አውሮፕላኖች ጋር እንደማይመጣጠን ተመልክቶ ለንድፍ መሐንዲሱ ለሉዊ ቤሼሮ ጉድለቱን ዘርዝሮ ጻፈ። ብዙ ሳይቆይ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተተካ። ከዚህም አልፎ 37 ሚሊ ሜትር መድፍ በአውሮፕላን ላይ እንዲገጠም ግፊት አደረገ። ከዚህ የወጣው ስፓድ 12 አስቸጋሪ መሣሪያ ነበር። የፕሮፔለሩ ማዞሪያ ውስጡ ክፍት ሆኖ የመድፉ አፈሙዝ በመካከሉ ያልፋል። መድፉ በእጅ የሚጎርስና አንድ አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ ነው፤ ግፊቱ አውሮፕላኑን ያናውጣል፣ ጭሱም የአብራሪውን ክፍል ይሞላዋል። እየበረረ ጥይት ማጉረስ ለብዙዎች የማይቻል ስለነበር መሣሪያው በሰፊው አልተለመደም። ጊንሜር ግን በ1917 በጋ ድል አግኝቶበታል።

በዚህ መካከል ከጠላት ይልቅ የወገን ጥይት ሊገድለው የደረሰበት ቀን አለ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1916 በሶም ግንባር የጀርመን አውሮፕላኖችን ጥሎ ሲመለስ የፈረንሳይ መድፍ ጥይት መታው። ክንፉ ተቀዶ ከ3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ቁልቁል ወረደ። አውሮፕላኑ መሬት ሲመታ ቢሰባበርም የተቀመጠበት ክፍል ስለተረፈ ጉልበቱን ብቻ ቆስሎ ወጣ።

በሜይ 25 ቀን 1917 በአንድ ቀን አራት አውሮፕላኖችን ጣለ። በዚያው ሰሞን ኤርንስት ኡዴት የተባለው ጀርመናዊ አብራሪ፣ መትረየሱ ጥይት ነክሶበት መከላከያ ባጣ ጊዜ ጊንሜር እጁን አውለብልቦለት እንደተለየው በኋላ ጽፏል። ከዚህ በኋላ ዝናው ከልክ አለፈ። በፓሪስ መንገድ ላይ ሰው ይከበው፣ ሕፃናት ስሙን ይጠሩ ነበር። አባቱ ከግንባር ወጥቶ እንዲያርፍና ያወቀውን ለሌሎች እንዲያስተምር ቢለምኑት፣ ሽልማቱን ሁሉ ከወሰደ በኋላ ውጊያ ተወ እንዳይባል ፈርቶ እምቢ አለ። ሐኪምም አዛዥም ድካሙን ያዩ ነበር። ይሁን እንጂ መላው አገር የሚያመልከውን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ዛሬ አትበርም ለማለት የደፈረ አልተገኘም። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

በ1917 በጋ ጓዱ በደንከርክ አጠገብ ወዳለችው ሴን ፖል ሱር ሜር ተዛውሮ በፍላንደርስ ግንባር ተሰለፈ። የጓዱ አዛዥ ሻምበል ኧርቶ በሴፕቴምበር 3 ቀን ክፉኛ ስለቆሰሉ ኃላፊነቱ በጊንሜር ላይ ወደቀ። አየሩ ጭጋጋማ ነበር፤ አውሮፕላኖቹም እምቢ አሉት። ሴፕቴምበር 10 ቀን ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስቱንም ጊዜ በብልሽት ተመለሰ። ሞተሩን በድምፁ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ቀን እንደ ምክር መቀበል ይገባው ነበር፤ እርሱ ግን እንደ እልህ ወሰደው።

በማግሥቱ ሴፕቴምበር 11 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከምክትል መቶ አለቃ ቦዞን ቬርዱራዝ ጋር ተነሣ። ሻለቃ ብሮካር በዚያው ጠዋት እንዲያርፍ ሊያግባቡት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ደረሱ፤ ሲደርሱ ግን ሄዷል።

በፖልካፔል መንደር ሰማይ ላይ ጊንሜር አንድ ባለ ሁለት መቀመጫ የጀርመን አውሮፕላን አይቶ ሊያጠቃ ወረደ። ቦዞን ቬርዱራዝ ስምንት ያህል የጠላት ተዋጊዎች ሲመጡ ተመልክቶ ወደ እርሱ ለመሳብ ዞረ። እነርሱ ሲርቁለት ቢመለስ አለቃውን አላገኘውም። ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ እየዞረ ፈለገው፤ ከዚያም ብቻውን ተመለሰ። በሜዳው ላይ መካኒኮቹ ሁለት አውሮፕላን ይጠብቁ ነበር።

ፈረንሳይ ለብዙ ቀናት ዜናውን አልገለጸችም። ጀርመኖች በኋላ እንዳስታወቁት ወታደሮቻቸው በመንደሩ መቃብር አጠገብ የወደቀውን አውሮፕላን አግኝተው፣ አብራሪው ራሱን በጥይት ተመትቶ መሞቱን አይተውና በያዘው ወረቀት ማንነቱን ለይተው ነበር። የእንግሊዝ መድፍ ስለበረታባቸው ግን ሳይቀብሩት ሸሹ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት መድፍ ያን መሬት ደጋግሞ ስላረሰው አስከሬኑም አውሮፕላኑም አልተገኘም። ድሉ የተቆጠረለት ጀርመናዊ ኩርት ቪሰማን ራሱ ከ17 ቀን በኋላ በአየር ላይ ተገደለ። ለጊንሜር የተመዘገቡለት ድሎች 53 ናቸው። በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ግን ሕፃናት እጅግ ከፍ ብሎ ስለበረረ መውረድ አቃተው ተብሎ ተነገራቸው።

መቃብር ስለሌለው ስሙ በፓሪስ በፓንቴዮን ግድግዳ ላይ ተቀረጸ። በፖልካፔልም በ1923 ጫፉ ላይ ሽመላ ያለበት ሐውልት ቆመለት። በአንዱ ስፓድ 7 ጎን ላይ ሽማግሌው ሻርል የሚል ስም አጽፎበት ነበር። አውሮፕላኑ በመጨረሻው ቀን ስላልወጣበት ተርፎ ዛሬ በፓሪስ አጠገብ በለ ቡርዤ በሚገኘው የአየርና የጠፈር ሙዚየም ይታያል።