የጆይ ዳንሎፕ ሕይወትና የማን ደሴት መንገድ

በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦር መሪ ሳይሆን ስለ አንድ የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ሰው ለመጻፍ መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን በሠፈራችን በልደታ አንድ ሞተር ድምፁን ከፍ አድርጎ ባለፈ ቍጥር ልጆች እየሮጡ ወጥተው ሲያዩ፥ እናቶች ደግሞ ሲያማትቡ ዘወትር እመለከታለሁ። ልጆቹንና እናቶቹን እንዲህ የሚለያያቸው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ስፈልግ ከጆይ ዳንሎፕ ታሪክ የበለጠ አላገኘሁም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዊልያም ጆሴፍ ዳንሎፕ፥ ማለትም ጆይ፥ በ1952 ዓ.ም. በሰሜን አየርላንድ ባሊመኒ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ተወለደ። ቤተ ሰቡ ሀብታም አልነበረም፤ እርሱም ከባድ መኪና እየነዳና ሌላም የጕልበት ሥራ እየሠራ ኑሮውን ሲመራ ቈየ። በ1969 ዓ.ም. መወዳደር ጀመረ። በ1972 ዓ.ም. ሊንዳ የምትባል ሴት አግብቶ አምስት ልጆች ወለደ። በጠባዩ ዝምተኛና ዐይን አፋር ነበረ፤ ዝናው ዓለምን ካዳረሰ በኋላ እንኳ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ራሱ ፈትቶ ራሱ ይገጥም ነበር።

የእርሱን ነገር ለመረዳት አስቀድሞ መንገዱን ማወቅ ይገባል። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለው ባሕር ላይ የማን ደሴት የምትባል ትንሽ አገር አለች። በዚያ ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ ቱሪስት ትሮፊ የሚባል ውድድር ይደረጋል። ከ1911 ዓ.ም. ወዲህ የሚሮጥበት የተራራው መንገድ አንድ ዙሩ 60.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ቢሾፍቱን አልፎ ወደ ሞጆ እንደ መገስገስ ያለ ርቀት ነው። ይህ መንገድ ለውድድር ብቻ የተሠራ ሜዳ አይደለም፤ በሌላው ቀን መኪናና ጋሪ የሚሄድበት፥ በመንደር መካከል የሚያልፍ፥ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር፥ የቤት ግድግዳና የመብራት ምሰሶ ያለበት የሕዝብ መንገድ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በየ10 ሴኮንዱ ልዩነት ይለቀቃሉ። ከ200 በላይ የሆነውን መታጠፊያ ሁሉ በቃል ማጥናት ግድ ነው፤ ያላጠና ሰው አንድ ጊዜ ቢሳሳት የሚቀበለው ለስላሳ ሣር ሳይሆን ግንብ ነውና። በዚህ መንገድ ላይ እስከ ዛሬ ከ250 የሚበልጡ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል።

በ1972 ዓ.ም. ጂልቤርቶ ፓርሎቲ የተባለ ኢጣልያዊ በዝናብ ወድቆ ሲሞት፥ የዘመኑ ታላቅ ሻምፒዮን ጃኮሞ አጎስቲኒ ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ አልወዳደርም ብሎ ተወ። ሌሎችም ተከተሉት። ከ1976 ዓ.ም. በኋላም ውድድሩ ከዓለም ሻምፒዮና ዝርዝር ውስጥ ወጣ። በእኔ አስተያየት ነገሩ በዚያ ማብቃት ነበረበት። ጆይ ዳንሎፕ ግን ወደ ደሴቲቱ የመጣው በዚያው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ በሚቀጥለውም ዓመት የመጀመሪያውን ድል አገኘ።

አደጋውን አያውቅም ነበር እንዳይባል፥ ሞት ገና ከጅምሩ በቤቱ ደጃፍ ቆሞ ነበር። አብረውት ከሚሮጡት ያገሩ ልጆች አንዱ፥ ፍራንክ ኬኔዲ፥ ኖርዝ ዌስት 200 በሚባለው ውድድር በደረሰበት አደጋ በ1979 ዓ.ም. ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት የእኅቱ ባል መርቪን ሮቢንሰን በዚያው ውድድር ሞተ። ጆይ ግን ቀጠለ። ከ1982 እስከ 1986 ዓ.ም. በሆንዳ ሞተር አምስት ጊዜ በተከታታይ የፎርሙላ አንድ ዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1985 ዓ.ም. ወደ ውድድሩ ይጓዝባት የነበረችው ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሌሊት ከቋጥኝ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች፤ ሰዎቹ ሁሉ ተረፉ፤ እርሱም ከባሕር ወጥቶ በዚያው ሳምንት ሳይሆን በዚያው ሰሞን ሦስት ውድድር አሸነፈ።

በ1989 ዓ.ም. በስቅለት ቀን እንግሊዝ አገር ብራንድስ ሃች በተባለ ሜዳ ክፉኛ ተጋጭቶ እግሩና የእጁ አንጓ ተሰበረ። ብዙዎች አበቃለት አሉ። እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ በደሴቲቱ አላሸነፈም፤ በዚያ ዓመት ግን በትንሿ የ125 ሲሲ ሞተር አሸንፎ የታላቁን የማይክ ሄይልዉድን 14 ድል ተስተካከለ፤ በ1993 ዓ.ም. አለፈው።

እኔን ከድሎቹ ሁሉ ይልቅ የነካኝ ሌላው ሥራው ነው። ምግብና ልብስ በመኪናው ጭኖ፥ ብዙ ጊዜም ብቻውን እየነዳ፥ በሩማንያ፥ በቦስንያና በአልባንያ ላሉ ችግረኞችና እናት አባት የሌላቸው ሕፃናት ያደርስ ነበር። ስለዚሁ ሥራው የእንግሊዝ መንግሥት በ1996 ዓ.ም. ሸለመው። በአገሩ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ በሚገዳደሉበት ዘመን እርሱን ግን ሁለቱም ወገኖች እኩል ይወዱት ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ሰኔ ወር፥ የ48 ዓመት ሰው ሳለ፥ በአንድ ሳምንት ሦስት ውድድር አሸንፎ ድሉን 26 አደረሰ። በዚያው ሳምንት ያንን 60.7 ኪሎ ሜትር በ18 ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ዞረው። እንግዲህ እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? እያልሁ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። ወር ሳይሞላው ግን ወደ ኢስቶንያ ዋና ከተማ ወደ ታሊን ሄደ። ሁለት ውድድር ካሸነፈ በኋላ፥ ጁላይ 2 ቀን በ125 ሲሲ ውድድር በዝናብ ሲመራ ሞተሩ ከመንገድ ወጥቶ ከዛፍ ጋር ተጋጨ፤ ወዲያውም ሞተ። ለቀብሩ 50,000 ያህል ሰው እንደ ወጣ ይነገራል።

የቤተ ሰቡ ነገር በዚህ አላበቃም። ወንድሙ ሮበርት በ2008 ዓ.ም. ለኖርዝ ዌስት 200 ሲለማመድ ሞተ። የሮበርት ልጅ ማይክል አባቱ በሞተ በሁለተኛው ቀን፥ ገና ሳይቀበር፥ በዚያው መንገድ ተወዳድሮ አሸነፈ። ይህን ሳነብ ማድነቅም ማዘንም አቃተኝ፤ እናቱ በዚያ ቀን ምን ተሰምቷት ይሆን? የማይክል ወንድም ዊልያም በ2018 ዓ.ም. በአየርላንድ ስኬሪስ በተባለ ውድድር ሞተ። በእኛም አገር በጃን ሜዳ ፈረስ ጉግስ ሲጫወቱ የተጐዱ አሉ፤ ጉግስ ግን እንዲህ አንድን ቤት ደጋግሞ ሲጐበኝ አልሰማሁም።

በደሴቲቱ ተራራ ላይ ጆይ በሞተሩ ተቀምጦ የሚያሳይ ሐውልት ቆሟል፤ ፊቱም ወደ መንገዱ ነው። ማይክል በየዓመቱ በዚያ ሥር ያልፋል፤ በ2024 ዓ.ም. የአጎቱን የ26 ድል ወሰን ሰበረ።