ኃይሌ ፊዳና አፋን ኦሮሞን በላቲን ፊደል የመጻፍ ጥያቄ

ከባቱ (ዝዋይ) በስተ ደቡብ የምትገኘው አዳሚ ቱሉ ስሟ በግዕዝ ፊደል በ5 ሆሄያት ይጻፋል። አዳሚ ቁልቋል፣ ቱሉ ኮረብታ ነው። ይሁንና ኮረብታ ማለት የሚሆነው «ቱ» አጥሮ «ሉ» ሲጠብቅ ነው፤ «ቱ» ረዝሞ «ሉ» ሲላላ ትርጉሙ መከመር ይሆናል። ጽሕፈቱ ሁለቱን አይለይም። ኃይሌ ፊዳ የተሳቡበት የሥርዓተ ጽሕፈት ችግር በአጭሩ ይህ ነው።

ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1939 በወለጋ፣ አርጆ ተወለዱ። በአዲስ አበባ የሥነ ምድር ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ። በአውሮፓ በነበሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በሀምቡርግ የተመሠረተው የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) መሪ ለመሆን በቁ። ስማቸው የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ፖለቲካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በፓሪስ ያሳተሙት፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ የአፋን ኦሮሞ ሰዋስው ግን ከፖለቲካ ጽሑፎቻቸው ይልቅ ዕድሜው የረዘመ ይመስላል።

ላቲንን መምረጥ በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ሼህ በክሪ ሳጳሎ ደግሞ በ1950ዎቹ አዲስ ፊደል ፈጥረዋል። የላቲን ደጋፊዎች መከራከሪያ ግልጽ ነው፦ ቋንቋው 5 አጭርና 5 ረጅም አናባቢዎች ሲኖሩት ግዕዝ ያለው 7 ቤት ብቻ ነው፤ የሚጠብቅ ድምፅም ምልክት የለውም። በላቲን ሆሄን መድገም ሁለቱንም ይፈታል። የግዕዝ ደጋፊዎች መልስም የሚናቅ አይደለም። አማርኛ «አለ»ን ተናገረ እና ይገኛል በሚሉ ሁለት ፍቺዎች ያለ ማጥበቂያ ምልክት ሲጽፍ ኖሯል፤ ምልክት መጨመርም ይቻላል። በመሆኑም ክርክሩ በድምፅ ጥናት ብቻ የሚቋጭ አልነበረም፤ የማንነትና የሥልጣን ጥያቄ ከሥሩ ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ ኃይሌ ወደ አገር ተመልሰው የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤትን መሩ። ለመንግሥት በዚያን ያህል ቀርበውም ፊደላቸው አልተከተላቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው «በሪሳ» ጋዜጣ የታተመው በግዕዝ ነው። መኢሶን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1977 ከደርግ ጋር ተለያይቶ ኅቡዕ ሲገባ ኃይሌ ተይዘው ታሰሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ያለ ፍርድ ተገደሉ። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ነው። ኦሮምኛ ከመጀመሪያዎቹ የዘመቻው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን ገበሬው የተማረው በግዕዝ ፊደል ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 1984 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፓርላማ አዳራሽ የተሰበሰቡ ከ1,000 በላይ ኦሮሞ ምሁራን ላቲንን መረጡ፤ ቁቤም የትምህርት ቤት ፊደል ሆነ። በቁቤ የአዳሚ ቱሉ ስም ሲጻፍ «ል» ሁለት ጊዜ ይደገማል።