ካውንት ቮን ሮዘንና በጉም ውስጥ የመብረር ጥበብ

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ተማሪ ቢሾፍቱ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የአይሮፕላን ድምፅ ይሰማል፤ ለምዶት ስለሆነም ቀና ብሎ አያይም። ሐረር ሜዳ የነጂዎች ትምህርት ቤት እንዲሆን ከደከሙት ሰዎች ዋነኛው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ነበረ። ስለ እርሱ በተነሣ ቍጥር የሚወራው ድፍረቱ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ለዚህች አገር የሠራው ትልቁ ሥራ ከድፍረት ጋር እምብዛም ዝምድና የለውም። (ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በእኛ አቈጣጠር ነው።)

ቮን ሮዘን ከመኳንንት ቤት ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. ተወለደ። ገና የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ በየካቲት 1912 አባቱ ከስቶክሆልም ወደ ቤቱ ለመመለስ ፈልጎ የበረዶ ማዕበል መንገዱን ቢዘጋበት አንድ ጀርመናዊ ነጂ ከነአይሮፕላኑ ተከራየ። በነጭ ጭጋግ ውስጥ ሲንገላቱ ቈይተው በመጨረሻ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ በሰላም ዐረፉ። ያ ነጂ ኋላ የሂትለር አየር ኀይል አዛዥ የሆነው ኸርማን ጎሪንግ ነበር፤ በዚያው ሌሊት የተዋወቃትን የልጁን አክስት አግብቶ አጎት ሆነው። የዝምድናው ነገር ለታሪክ ጸሐፊዎች ይቆይና፣ እኛን የሚያስገርመን ሰዎቹ በሕይወት መትረፋቸው ነው። በዚያን ጊዜ በደመና ውስጥ ያለ አይሮፕላን ቀጥ ብሎ ይሂድ ወይም ይጋደል ለነጂው የሚያስታውቅ አስተማማኝ መሣሪያ አልነበረምና።

አንባቢ ምናልባት፣ መጋደሉን ሰው በገዛ ሰውነቱ አያውቅምን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አያውቅም። ሚዛናችንን የሚጠብቀው በጆሯችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፤ አይሮፕላኑ ቀስ ብሎ ሲዞር ፈሳሹም አብሮ ስለሚዞር ነጂው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። ከሁሉ የከፋው መነሻው ላይ ነው። አይሮፕላኑ ተንደርድሮ ሲነሣ የፍጥነቱ መጨመር ነጂውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው አፍንጫው ከልክ በላይ ወደ ሰማይ የቀና ይመስለዋል፤ አድማስ የሚታይ ከሆነ ስሕተቱን ዓይኑ ያርምለታል፤ ጉም ከሆነ ወይም ከፊቱ ያለው ጨለማ ባሕር ከሆነ ግን አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ በገዛ እጁ ወደ መሬት ይወርዳል። በ1946 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ በረራ ያልተማሩ 20 ሰዎች የደመና ዓይነት እይታ ተደርጎላቸው ተፈተኑ። ሃያዎቹም አይሮፕላኑን መቈጣጠር አቃታቸው፤ የፈጀባቸውም ጊዜ በአማካይ 178 ሴኮንድ ነበር። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም!

መድኃኒቱ የተገኘው መስከረም 14 ቀን 1922 ነው። በዚያ ቀን አሜሪካዊው ጂሚ ዱሊትል ወንበሩን በሽፋን ጋርዶ፣ ውጭውን ምንም ሳያይ ተነሣ፤ በረረ፤ ዐረፈ። ፊቱ ያለው ሰው ሠራሽ አድማስ እንደ እንዝርት በፍጥነት በሚሽከረከር ጃይሮስኮፕ የሚሠራ ሲሆን፣ አይሮፕላኑ ቢጋደልም እርሱ አይጋደልም። ከዚያ ወዲህ የነጂ ትምህርት አንድ ከባድ ነገር ተጨመረበት፤ ይኸውም ሰውነት አንድ ነገር እየጮኸ ሲናገር ለመርፌዎቹ መታዘዝ ነው።

ቮን ሮዘን ወደ አገራችን መጀመሪያ የመጣው በ1928 በጣልያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አይሮፕላን ነጂ ሆኖ ነው። በመጋቢት ወር ቀይ መስቀል የተሳለበት አይሮፕላኑ ኮረም ላይ በጣልያን ቦምብ ጋየ። ቀጥሎ በሆላንድ አየር መንገድ ተቀጠረ፤ በ1932 ደግሞ ለፊንላንድ ተዋጋ።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ፣ ዐሥር ዓመት ያህል ቢሾፍቱ ላይ ከስዊድን መምህራን ጋር አየር ኀይሉን አደራጀ። በግንቦት 1939 ሳፊር በምትባል አንድ ሞተር ባላት ትንሽ አይሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ ሳያርፍ ከ6,200 ኪሎ ሜትር በላይ በረረ፤ ጕዞው ከ30 ሰዓት በላይ ፈጀ። ጋዜጦች ያደነቁት ይኸንን ነው። በዚያችው ዓይነት አይሮፕላን ግን ቢሾፍቱ ላይ የኢትዮጵያ ወጣቶች ዕለት ዕለት መነሣትና ማረፍ ይማሩባት ነበር። ቦታው ቀላል አይደለም። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ስለሆነ አየሩ ሳስቶ የሞተሩ ጕልበት ይቀንሳል፤ በደቡብ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዝቋላ፣ በሰሜን ምዕራብ የረር ቆመዋል። የክረምት ደመና ሲጋርዳቸው ከዚያ የሚነሣ ነጂ በስንት ዲግሪ አቅጣጫ፣ እስከ ስንት ከፍታ ቀጥ ብሎ እንደሚወጣ ሳይነሣ በፊት ማወቅ አለበት። ከተነሣ በኋላ ላስብበት የሚል ሰው ተራራው አይጠብቀውም።

በነሐሴ 1960 ቮን ሮዘን ሳን ቶሜ ከምትባለው የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ደሴት ተነሥቶ፣ ከናይጄርያ ራዳር ለመሸሽ ዝቅ ብሎ እየበረረ ለተራቡት የቢያፍራ ሰዎች እህል አደረሰ። የእርዳታ አይሮፕላኖቹ ከዚያች ደሴት ሌሊት ለሌሊት ይነሡ ነበር፤ ሜዳው ባሕር ዳር ስለሆነ ከመብራቱ እንደ ወጡ የሚጠብቃቸው ከላይ የተናገርነው ጨለማ ነው፤ ማረፊያቸው ኡሊም ሰፋ የተደረገ የመኪና መንገድ ነበር። በግንቦት 1961 ግን ይኸው ሰው በትናንሽ አይሮፕላኖች ላይ ሮኬት አስሮ የናይጄርያን የአየር ሜዳዎች መታ። ስለዚህ ሥራው ሰው እስከ ዛሬ ይከራከራል። ረኀብን በጦር መሣሪያ ያደረሰ ኀይል በጦር መሣሪያ መመለስ አለበት ለሚሉት መልስ መስጠት ይከብዳል፤ ቢሆንም እህል ጭኖ ለሚመጣ አይሮፕላን ሁሉ ጥርጣሬን አተረፈለት ብለን እናምናለን።

እርሱ ግን ወደ እህሉ ተመለሰ። በ1966 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ በትናንሽ አይሮፕላኖች ዝቅ ብሎ እየበረረ መኪና ለማይደርስባቸው ሰዎች የእህል ከረጢት ይጥል ነበር። በዚሁ የእርዳታ ሥራ ላይ ሳለ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ሌሊት የሶማሊያ ጦር ጎዴን ሲያጠቃ ተገደለ። ዕድሜው 67 ነበር፤ የሞተውም መሬት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በኦጋዴን ሰማይ ላይ የተዋጉት፣ እርሱ ባደራጀው አየር ኀይል ቢሾፍቱ ላይ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ነጂዎች ነበሩ።