ይድነቃቸው ተሰማ፤ አሠልጣኙና ቃሉ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥም ችሎታቸው የታወቁ፣ ድምፃቸውንም በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የነበሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው የአባታቸውን አንደበት ወረሱ፤ ነገር ግን ያዋሉት ሰዎችን በአንድ ዓላማ ሥር ለማሰለፍ ነው።

በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ቡድን በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ወጣቱ ይድነቃቸውም ከቡድኑ ቀደምት ተጫዋቾች አንዱ ሆኑ። በዚያው ዓመት የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር ከተማይቱን ያዘ። ወራሪው ነጩን ከጥቁሩ በሚለይ ሕግ ይገዛ ስለ ነበር፣ የስፖርት ሜዳውም በቆዳ ቀለም ተከፈለ። ሰው በጨዋታ እንኳ ከሰው ሲለይ ማየታቸው በይድነቃቸው ልብ ጥልቅ ምልክት ትቶ አለፈ። ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ያደረገው ኅዳር 1940 ዓ.ም. ነው። ተጋጣሚው በምድር ባቡር ከአዲስ አበባ ጋር የተሳሰረችው የጅቡቲ ቡድን ሲሆን፣ ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸነፈች። ያን ጊዜ ጅቡቲ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። አብዛኛው አፍሪካም እንደ እርሷ ነፃነቱን ገና አላገኘም ነበር። ስለሆነም በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ተወገደች። አቶ ይድነቃቸውም በዚህ አቋም ከጸኑት መሪዎች አንዱ ነበሩ።

በአሠልጣኝነታቸው ትልቁ ፈተና የገጠማቸው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ በተካሄደበት በ1954 ዓ.ም. ነው። ጥር 13 ቀን ለፍጻሜ የቀረበችው ባላጋራ ግብፅ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች፣ ኢትዮጵያንም በ1949 እና በ1951 ዓ.ም. 4 ለ 0 ያሸነፈች ነበረች። ደጋግሞ የተሸነፈ ሰው ጨዋታው ሳይጀመር ሽንፈትን በልቡ ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ አሠልጣኙ ከእግር አስቀድሞ ልብን ማዘጋጀት ነበረበት። ቡድኑም ከልዩ ልዩ ወገን የተውጣጣ ነበር። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ሲሆኑ፣ መንግሥቱ ወርቁ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር።

ግብፅ ቀድማ አገባች፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ወዲያው ግብፅ ዳግም መራች፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ሉቻኖ አቻ አደረገ። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ተፈጸመ። ከተጨማሪው ሰዓት በፊት ባለችው አጭር ዕረፍት አሠልጣኝ አዲስ ዘዴ ለማስተማር ፋታ የለውም። የደከመውን ሰው የሚያቆመው በልምምድ ጊዜ የተዘራበት ቃል ነው፤ የዕረፍቱ ንግግር ይህንኑ ይቀሰቅሳል እንጂ ከባዶ አይፈጥርም። ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ አራተኛውን ግብ አስቆጠሩ። ሁለት ጊዜ የተመራው ቡድን 4 ለ 2 አሸነፈ።

አቶ ይድነቃቸው ለተጫዋቾቻቸው ያሳደሩትን መንፈስ በጉባኤም ይዘው ቀረቡ። በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለተደረገው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድነት አንዲት ቦታ ብቻ ስለ ተመደበች የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ወጡ። እርሳቸውም ይህን ክርክር ካራመዱት መካከል ነበሩ። በውጤቱም አፍሪካ ለ1962ቱ ውድድር የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ወደ ሜክሲኮ ተጓዘች። በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። የዘር መድልዎን የሚቃወመው ትግል በርትቶ በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ተባረረች።

አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነት ሥራቸው ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። የ1954ቱ ዋንጫ ኢትዮጵያ ያገኘችው ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ሆኖ ቀርቷል። ነገር ግን የደከሙበት ነገር ከእርሳቸው በኋላ ፍሬ ሰጠ። ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም. ወደ ውድድር ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር ተጫዋቾቿ አንድ ማልያ ለብሰው የአፍሪካን ዋንጫ ወሰዱ። የጥንቷ ተጋጣሚ ጅቡቲም በ1969 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ የኮንፌዴሬሽኑ አባል ሆነች። ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ደግሞ ለአፍሪካ 9 ቀጥተኛ ቦታዎች ተመድበውላታል።

የአሠልጣኝ ንግግር ሜዳው ሲዘጋ የሚረሳ ይመስላል። ተናጋሪው ለሌሎች የሚናገረውን በራሱ ሕይወት ሲጠብቀው ግን፣ ቃሉ ያልሰሙትን እንኳ ያሰልፋል።