ከጨረቃ ጀርባ የተጻፈ ስም፦ ኒኮላይ ቫቪሎቭ

ጨረቃ ለምድር የምታሳየው ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ብቻ ነው። ሌላው ጎኗ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ኖሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ የታየው በ1959 የሶቪየት ኅብረቷ መንኩራኩር ሉና 3 በዚያ በኩል ባለፈች ጊዜ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በዚያ በተሰወረው ጎን፣ ኸርትስፕሩንግ ከተባለው ግዙፍ ጉድጓድ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ፣ ቫቪሎቭ የሚባል ሌላ ጉድጓድ አለ። ከጠፈር የመጣ አለት ወድቆ የፈጠረው ነው። ከዳር እስከ ዳር 98 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ግድግዳው እንደ እርከን ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ መካከሉ ላይ ኮረብታዎች ቆመዋል። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1970 ይህን ስም የሰጠው ለሁለት ወንድማማቾች መታሰቢያ ነው፤ ለእጽዋት ሊቁ ለኒኮላይና ለፊዚክስ ሊቁ ለሰርጌይ። እኛ ዛሬ የምናነሳው ኒኮላይን ነው። ለኢትዮጵያ ገበሬ ምስክር ሆኗልና።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1887 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። የሕይወት ዓላማው ረሃብን ማሸነፍ ነበር። ድርቅና በሽታ የሚቋቋም ሰብል ለማዳቀል፣ በየአገሩ ገበሬ እጅ ያለው የዘር ዓይነት ሳይጠፋ መሰብሰብ አለበት ብሎ አመነ፤ ዘር ፍለጋም ዓለምን ዞረ። በ1926 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ወደ አገራችን ገባ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ተቀብለው ስለ ሩሲያ አብዮት በብዙ ጠየቁት። ከዚያም ከአዲስ አበባ በበቅሎ ወደ ሰሜን ተጉዞ የስንዴ፣ የገብስና የሌሎችም ሰብሎች ዘር ሰበሰበ። ባየው የዘር ብዛት ተደንቆ ኢትዮጵያን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መገኛዎች መካከል መደባት።

በገዛ አገሩ ግን ዘመኑ የስታሊን ነበር። ሊሴንኮ የተባለ ካድሬ መሰል የግብርና ባለሙያ የዘረመል ሳይንስን ክዶ ፈጣን ምርት እንደሚያመጣ ቃል ሲገባ፣ መንግሥት እሱን ሰማ። ቫቪሎቭ ግን እውነቱን አልካደም። ነሐሴ 1940 ዩክሬን ውስጥ ዕፅዋት በመሰብሰብ ላይ ሳለ ተያዘ፤ በ1941 በአሻጥርና በስለላ ተወንጅሎ ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም፣ ጥር 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት አረፈ። በዚያች ከተማ በወጣትነቱ ፕሮፌሰር ሆኖ አስተምሮባት ነበር። ረሃብን ለማጥፋት የኖረ ሰው የሞተው በረሃብ ተጎሳቁሎ ነው።

በዚያው ሰሞን በጀርመን ጦር በተከበበችው ሌኒንግራድ፣ የሥራ ባልደረቦቹ እሱ ያሰባሰበውን ዘር እየጠበቁ ነበር። ከመካከላቸው ሩዙና ለውዙ በእጃቸው እያለ፣ አንድ ፍሬ ሳይቀምሱ በረሃብ የሞቱ አሉ። ወንድሙ ሰርጌይ ደግሞ በ1945 ወንድሙን በገደለው መንግሥት ሥር የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ። ኒኮላይ ከክሱ ነፃ የተባለው በ1955፣ ስታሊን ከሞተ በኋላ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ስታሊንግራድ በ1961 ስሟ ተለውጦ ቮልጎግራድ ተባለች። የሥነ ፈለክ ኅብረቱ ደንብ ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የኖረ ፖለቲከኛ ስም በጨረቃ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። አሳሪው ሊደርስበት ከማይችልበት ቦታ የታሳሪው ስም ተጽፏል። ሊቃውንቱን እያሰረ ዳቦ የሚጠብቅ መንግሥት ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ ይህን ታሪክ ቢያነበው እንወዳለን።