ከነርስነት ትምህርት እስከ ቀይ በር

ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው። እኛ የሐረር ልጆች ገበያውን ባንደርስበትም ስሙ ቀርቶልናል። በዚህ አደባባይ ነርስነቷን ትታ የውበት ቤት ለመክፈት የምታስብ እኅት ብትገኝ፣ ሙያዋን ከዳች ብለን ለመፍረድ እንቸኩላለን። ከመፍረዳችን በፊት የአንዲት ሴት ታሪክ እንመልከት።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ግራሃም ካናዳ ውስጥ ከገበሬ ቤት ተወለደች። የታላቋን አስታማሚ ስም ይዛ በቶሮንቶ የነርስነት ትምህርት ጀመረች፤ ዳሩ ግን ሳትፈጽም ተወችው። ወደ ኒውዮርክ ተሻግራ በመድኃኒት ኩባንያ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ቀጥሎም በአንድ የውበት ሳሎን ተቀጣሪ ሆነች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 በአምስተኛው ጎዳና የራሷን ሳሎን ከፈተች፤ ኤልሳቤጥ አርደን የሚለውንም ስም ለንግዷ አወጣች። የሳሎኗ ቀይ በር በብዙ አገር የታወቀ ምልክት ሆነ።

በ1930 ለገበያ ያቀረበችው የስምንት ሰዓት ቅባት ለሰው ቆዳ የተሠራ ነበር። እርሷ ግን የእሽቅድምድም ፈረሶቿንም እግር ታሳሽበት ነበር። ከፈረሶቿ አንዱ፣ ጄት ፓይለት፣ በ1947 የኬንታኪን ታላቅ ውድድር አሸነፈ። በ1966 አረፈች።

ይህን የጻፍኩት ትምህርት ማቋረጥን ለማወደስ አይደለም። ፍሎረንስ የነርስነትን ትምህርት ተወች እንጂ የሚቆስል ገላ መንከባከብን አልተወችም፤ ለዚህም ፈረሶቿ ምስክር ናቸው።